የጠፋው አፓታይት፦ በድሬዳዋ ጥንታዊ የአሸዋ ድንጋይ ላይ የተደረገ የምንጭ ፍለጋ

ጉዳዩ ለምን እንደተመዘገበ

ይህ ጽሑፍ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ባለው ተዳፋት በሚገኝ ጥንታዊ የአሸዋ ድንጋይ ላይ የተሠራ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጥናት የገጠመውን ይመዘግባል። ጥናቱ የተነሣው አሸዋው ከየትኛው አለት ተፈርፍሮ እንደመጣ በከባድ ማዕድናት አማካይነት ለመለየት ነበር። ተማሪው ናሙናውን ሰብስቦ፣ ቆጠራውን ጨርሶ፣ መደምደሚያውን ጽፎ ለፈታኞች ሊያቀርብ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ መደምደሚያው የቆመበት ዋና ማስረጃ በድንጋዩ ውስጥ ሳይሆን በገዛ ቤተ ሙከራችን የተፈጠረ ሆኖ ተገኘ። እኔ ከሁለቱ አማካሪዎች አንዱ ነበርኩ፤ የመጀመሪያውን የሥራ ቅደም ተከተል ያጸደቅኩትም እኔ ስለሆንኩ ስሕተቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። የሰዎቹንም ሆነ የተቋሙን ስም አልጠቅስም።

ዳራ

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር የሚወጣ መንገደኛ በአጭር ጉዞ እጅግ ረጅም የምድር ታሪክ ያቋርጣል። ድሬዳዋ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነው ደጋማ ምድር ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ባለው ምድር ከሁሉም በታች የሚገኘው የፕሪካምብሪያን ዘመን የመሠረት አለት፣ ማለትም ግራናይት፣ ናይስና መሰሎቻቸው ናቸው። በዚህ ላይ የታችኛው የአሸዋ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ቀጥሎ በጁራሲክ ዘመን በባሕር የተጠራቀመው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ የክሪቴሽየስ ዘመን የላይኛው የአሸዋ ድንጋይ፣ በመጨረሻም ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ባዛልት ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ ግን በአንድ ገደል ላይ ተስተካክሎ አይታይም። ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት የተፈጠሩት ስብራቶች ንጣፎቹን ቆራርጠው አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ስላደረጓቸው፣ በዕድሜ እጅግ የሚራራቁ ድንጋዮች ጎን ለጎን የሚገኙበት ቦታ ብዙ ነው።

የታችኛው የአሸዋ ድንጋይ በተለምዶ የሚጠራው በዓዲግራት ስም ነው። ስሙን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ ጋር ወደ አገራችን የመጣው እንግሊዛዊ የሥነ ምድር ሊቅ ዊሊያም ብላንፎርድ ሲሆን፣ የጉዞው መጽሐፍ በ1870 ታትሟል። ከትግራይ የተነሣ ስም እስከ ሐረርጌ መድረሱ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ በሁለቱም ቦታ ድንጋዩ ከመሠረት አለቱ በላይና ከኖራ ድንጋዩ በታች ይገኛልና። ነገር ግን የስም አንድነት የምንጭ አንድነትን አያረጋግጥም። ለዓዲግራት አሸዋ ያመጣው ወንዝና ለድሬዳዋ ያመጣው ወንዝ ከተለያየ ተራራ ሊነሡ ይችላሉ። የተማሪው ጥያቄ የወጣው ከዚህ ነው፦ የድሬዳዋው አሸዋ ከሥሩ ካለው፣ ዛሬ በሐረርና በባቢሌ መካከል ገላጣ ሆኖ ከሚታየው የመሠረት አለት የተፈረፈረ ነው ወይስ ከሩቅ የመጣ?

ኳርትዝ ለዚህ ጥያቄ ብዙም አይመልስም፤ ከየትም ቢመጣ መልኩ ይመሳሰላልና። የሚመልሱት በአብዛኛው የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉት ከባድ ማዕድናት ናቸው። ኳርትዝ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 2.65 ግራም ሲመዝን፣ ቱርማሊን 3.1 ገደማ፣ አፓታይት 3.2፣ ሩታይል 4.2፣ ዚርኮን 4.6 ገደማ ይመዝናሉ። ወርቅ አጣቢ በገበቴ ውኃውን እያዞረ ቀላሉን አሸዋ አፍስሶ ጥቁሩን የሚያስቀረው በዚሁ ልዩነት ነው። እያንዳንዱ ማዕድን ስለ ወላጅ አለቱ የሚናገረው አለ። ካያናይትና ስቶሮላይት በሙቀትና በግፊት ከተለወጡ አለቶች ይመጣሉ፤ ኦጋይት ባዛልትን ያመለክታል፤ ዚርኮንና አፓታይት በግራናይት ውስጥ የተለመዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ዙር

ተማሪው በአንድ ተረተር ላይ ከሥር ወደ ላይ እየወጣ 14 ናሙና ወሰደ። አብዛኞቹ ቀላ ያሉና በእጅ ሲታሹ የሚፈረፈሩ ሲሆኑ፣ ከኖራ ድንጋዩ መጋጠሚያ አጠገብ የተወሰዱት አራቱ ግን ቅንጣቶቻቸው በካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ በተሠራበት ማዕድን፣ የተያያዙ ጠንካራ ድንጋዮች ነበሩ። ሁሉም በብረት ሙቀጫ ተወቀጡ። ካልሳይቱንና የብረት ዝገቱን ለማስወገድ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አደሩ። ከዚያም ከ63 እስከ 125 ማይክሮን ያለው ክፍል በወንፊት ተለይቶ፣ እፍግታው፣ ማለትም በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚመዝነው ግራም፣ 2.85 በሆነ የሶዲየም ፖሊተንግስቴት ፈሳሽ ውስጥ ገባ፤ በዚህ ፈሳሽ ኳርትዝ ይንሳፈፋል፣ ከባዱ ማዕድን ይዘቅጣል። ከታች የዘቀጠው በመስታወት ላይ ተጣብቆ፣ ከእያንዳንዱ ናሙና 200 ብርሃን አሳላፊ ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ተቆጠረ። ለዚሁ ሥራ የሚያገለግለውን ሌላ ከባድ ፈሳሽ፣ ብሮሞፎርምን፣ ያልተጠቀምነው ትነቱ መርዛማ ስለሆነና አስተማማኝ የአየር መሳቢያ ስላልነበረን ነው፤ ይህን ውሳኔ ዛሬም እደግመዋለሁ።

ውጤቱ ሲያዩት የጠራ ይመስል ነበር። ከሞላ ጎደል ሁሉም ቅንጣት ዚርኮን፣ ቱርማሊን ወይም ሩታይል ነበር። የእነዚህ የሦስቱ ድርሻ ጆን ሁበርት እ.ኤ.አ. በ1962 ካቀረበው ጊዜ ጀምሮ የአሸዋን ብስለት መለኪያ ሆኖ ያገለግላል፤ ሦስቱ ከሁሉም ይልቅ መፈተግንም ሆነ በኬሚካል መሟሟትን ይቋቋማሉና። ጋርኔት አልተገኘም። አፓታይትም በአንዱም ናሙና አልተገኘም። በሦስት ናሙናዎች ውስጥ ግን ጥቂት የኦጋይት ቅንጣቶች ታዩ።

ተማሪው አንድሩ ሞርተንና ክሌር ሃልስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡትን የአፓታይትና የቱርማሊን ንጽጽር ተጠቀመ። የንጽጽሩ ብልሃት ሁለቱ ማዕድናት በእፍግታ ስለሚቀራረቡ ውኃ እኩል የሚያጓጉዛቸው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ወራጁ ቢፈጥንም ቢዘገይም መጠናቸው እርስ በርስ ብዙ አይዛባም። አፓታይት ከተቀበረ በኋላ ጽኑ ሲሆን፣ በገጸ ምድር በአሲዳማ አፈርና ውኃ ግን በቀላሉ ይሟሟል። ስለዚህ የአፓታይት ፈጽሞ አለመኖር አሸዋው በጉዞው ላይ በሞቃትና እርጥብ ሜዳዎች ለረጅም ዘመን እየቆየ እንደመጣ ይነግራል ተብሎ ተተረጎመ። መደምደሚያውም አሸዋው የሩቅ ነው፣ ከሥሩ ያለው አለት አላዋጣም የሚል ሆነ። አመክንዮው ከመጽሐፍ አንጻር ስሕተት አልነበረበትም፤ ለዚህም ነው ሁላችንንም ያሳመነን።

ችግሩ እንዴት ታየ

መጀመሪያ ያሳሰበኝ ኦጋይቱ ነበር። ተማሪው በረቂቁ ላይ «የእሳተ ገሞራ አለት አነስተኛ ድርሻ» ብሎ አልፎት ነበር። ኦጋይት የሚመደብበት የፒሮክሲን ወገን ግን ከተቀበረ አሸዋ ውስጥ በመጀመሪያ ከሚጠፉት ማዕድናት አንዱ ነው። ኦሊቪንና ፒሮክሲን ይቀድማሉ፤ አምፊቦልና ኤፒዶት ይከተላሉ፤ ጋርኔት ብዙ ይቆያል፤ ዚርኮን፣ ቱርማሊንና ሩታይል መጨረሻ ላይ ይቀራሉ። ጋርኔት እንኳ በጠፋበት ድንጋይ ውስጥ ጠርዙ ያልተበላ፣ ገጹ የሚያበራ ኦጋይት መገኘቱ፣ ብርቱዎቹ በሞቱበት ቤት ሕፃኑ ብቻውን ደኅና ሆኖ እንደመገኘት ነው። መጠየቅ ነበረበት፤ ሳይጠየቅ ወራት አልፈዋል።

ጥያቄውን ያነሣነው በቤተ ሙከራው ውስጥ ቆመን ሳለ ነበር። የቤተ ሙከራው ባለሙያ ሰምታ፣ «መምህር፣ የእናንተ ናሙና ከመነፋቱ በፊት በዚያው ወንፊት የደቻቱ አሸዋ ስንነፋ ነበር» አለችን። የደቻቱ አሸዋ ድሬዳዋን ከሚያቋርጠው ከደቻቱ ወንዝ የሚወጣ፣ ለግንባታ የሚቀርብ፣ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች ለመልመጃ የሚያመጡት ሲሆን፣ ጎርፉ ከተዳፋቱ ባዛልትንም ጨምሮ ሁሉን ዓይነት አለት ጠርጎ ያወርዳል። በወንፊቱ ቀዳዳ ልክ የሆኑ ቅንጣቶች ሽቦው ላይ ተሰክተው ይቀራሉ፤ በብሩሽ ብቻ አይወጡም። እርግጠኛ ለመሆን ከአንድ የኳርትዝ ሥር የተወሰደ ንጹሕ ድንጋይ ወቅጠን በዚያው ወንፊት አሳለፍነው። ከከባዱ ፈሳሽ ሥር ኦጋይት ወጣ። ባለሙያዋ ያስታወሰችው ባይሆን ኖሮ ይህን ሙከራ መቼ እንደምናደርገው አላውቅም፤ ለሥራው ከማንም ያላነሰ አስተዋጽኦ አድርጋለች።

ኦጋይቱ ከቤተ ሙከራ ከመጣ፣ የጠፋውስ ማዕድን በቤተ ሙከራ አልጠፋም ማለት እንችላለን? ይህን ለመፈተን ከሐረር በስተምሥራቅ በኤረር ሸለቆ በኩል፣ ከላይ በኩል ከመሠረት አለት በቀር ሌላ ድንጋይ ከሌለበት አንድ ትንሽ ደረቅ ወንዝ አሸዋ አመጣን። እዚያው ከተጋለጠው ግራናይት ላይም ድንጋይ ሰብረን ስስ ቅጥ፣ ማለትም ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ የሳሳ የድንጋይ ቁራጭ፣ ለማይክሮስኮፕ አዘጋጀን። በቅጡ ውስጥ አፓታይት በጥቁሩ ሚካ፣ በባዮታይት፣ መካከል እንደ መርፌ ተሰክቶ በግልጽ ታየ። አሸዋው ግን በተለመደው አሠራራችን ካለፈ በኋላ አንድም አፓታይት አላሳየም። ወላጁ ውስጥ ያለ፣ ጥቂት መንገድ ብቻ የተጓዘ ማዕድን በእኛ ሳሕን ላይ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ነገሩ ገባን።

እርማቱ

ያንኑ የወንዝ አሸዋ ሦስት ቦታ ከፈልነው። አንዱ ያለ አሲድ፣ አንዱ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ አንዱ በመቶ 10 እጅ በሆነ አሴቲክ አሲድ ውስጥ አለፈ። አፓታይት ባልተነካውና በአሴቲክ አሲድ ባለፈው ውስጥ ተገኘ፤ በሃይድሮክሎሪክ ባለፈው ውስጥ አልተገኘም። አፓታይት የካልሲየም ፎስፌት ማዕድን ስለሆነ ብርቱ አሲድ ያሟሟዋል፤ ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፣ በመማሪያ መጻሕፍት የተጻፈ ነገር ነው። ችግሩ እኛ አሲዱን ያሰብነው ስለ ካልሳይቱ ብቻ መሆኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ከመጀመሪያው ተጀመረ። በመካከሉ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ቀዩና የሚፈረፈረው ድንጋይ ቀዳዳማ ስለሆነ፣ ውኃ ለሚሊዮኖች ዓመታት ሲመላለስበት ከመጀመሪያ የነበሩትን ማዕድናት ሊያሟሟ ይችላል። በካልሳይት የተያያዘው ግን ማያያዣው ቀድሞ የገባ ከሆነ ቅንጣቶቹን እንደ ታሸገ ዕቃ ይጠብቃል። ብራምሌት የተባለው የሥነ ምድር ተመራማሪ በኖራ የጠጠሩ እንክብሎች በዙሪያቸው ካለው አሸዋ የበለጡ ዓይነት ማዕድናት እንደሚይዙ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳይቷል። ስለዚህ ወደ ተረተሩ ተመልሰን ተጨማሪ የጠነከሩ ንጣፎችን ፈለግን።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አስፈላጊ ነበር። ከላይ የኖራ ድንጋይ ባለበት ቦታ ካልሳይት ዘግይቶ ሊሰርግ ይችላል፤ የዘገየ ማያያዣ የሚጠብቀው የተረፈውን ብቻ ነው። ሁለቱን የምንለየው በስስ ቅጥ ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ሳይነካኩ በካልሳይት ውስጥ የተንሳፈፉ ከመሰሉ፣ ማያያዣው የገባው የላይኛው ክብደት አሸዋውን ሳይጨፈልቀው ነው፤ ተጠጋግተውና ተጣብቀው ከታዩ ደግሞ ዘግይቷል። ከጠነከሩት ናሙናዎች ገሚሱ ብቻ ይህን ፈተና አለፉ።

አዲሱ አሠራር አዝጋሚ ነበር። አሴቲክ አሲድ ደካማ በመሆኑ በየጥቂት ቀኑ እየተቀየረ ለሳምንታት መቆየት ነበረበት። ወንፊቶቹ በውኃ ውስጥ በድምፅ ሞገድ በሚያጸዳ መሣሪያ ታጠቡ፤ በየአምስት ናሙናው መካከልም ንጹሕ ኳርትዝ እያለፈ ይመረመር ነበር።

ምን ተገኘ

ማያያዣቸው ቀድሞ በገባ ናሙናዎች ሁሉ አፓታይት ታየ። በሁለቱ ጋርኔትም ነበረ፤ ገጹ ግን በጥቃቅን ደረጃዎች የተበላና የተሸረሸረ ነበር። ይህ የተበላ ገጽ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ከነበሩት ብዙዎቹ መሟሟታቸውንና የቀሩት ከመጥፋት ጫፍ የተረፉ መሆናቸውን ያሳያል። በቀዩ ድንጋይ ውስጥ አፓታይት ጥቂት ሲሆን ጋርኔት አልነበረም። ከአንድ መቶ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ በአንድ ወንዝ የመጣ አሸዋ፣ ሁለት የተለያየ ዝርዝር ይሰጣል ማለት ነው።

ይበልጥ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ግን ዚርኮኑን በመልክ መከፋፈሉ ነው። ዚርኮን ስለማይሟሟ በሁለቱም ዓይነት ድንጋይ ይገኛል፤ ስለዚህ ንጽጽሩ በማያያዣው ዓይነት አይዛባም። አንደኛው ወገን ረጃጅም፣ ጠርዙ የሰላ፣ ቀለም የለሽ ነበር፤ በኤረሩ ወንዝ አሸዋ ውስጥ የሚገኘውም ይኸው ዓይነት ነው። ሌላው ወገን እንደ ስንዴ ፍሬ የተድበለበለና አንዳንዱም ሐምራዊ ነበር፤ ይህ በኤረሩ አሸዋ ውስጥ አልተገኘም። ዚርኮን ጠንካራ በመሆኑ በአንድ ጉዞ እንዲህ አይድበለበልም። ከቀደመ አሸዋ ድንጋይ ተፈርፍሮ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ጊዜ የተጓዘ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መደምደሚያ ተሰርዞ ሁለት ምንጭ አለ የሚል ተተካ፤ ከሥሩ ያለው የመሠረት አለት በግልጽ አዋጥቷል፣ ከእርሱ ጋር ደግሞ ቀድሞ የተፈተገ የቆየ አሸዋ ተቀላቅሏል።

ያልሠራው

በመጀመሪያው ዙር ዚርኮን እጅግ የበዛበት አንድ ናሙና ነበር፤ የተወሰደው ጥቁር መስመር ካለበት ንጣፍ መሆኑን የመስክ ማስታወሻው ያሳያል። ወራጁ ቀላሉን ወስዶ ከባዱን ያስቀረበት መስመር ስለ ፍሰቱ እንጂ ስለ ምንጩ አይናገርምና ከስሌቱ ወጣ።

ዕቃዎቹን በቧንቧ ውኃ ማጠባችንም ፈሳሹን አበላሽቶብናል። የድሬዳዋ ውኃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ካልሲየም ከፖሊተንግስቴት ጋር ሲገናኝ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል፣ ውድ የሆነው ፈሳሽም ይባክናል። ከዚያ ወዲያ የተጣራ ውኃ ብቻ ተጠቀምን። ሙቀቱ ደግሞ ከፈሳሹ ውኃ እያተነነ እፍግታውን ከፍ ያደርገዋል፤ 10 ሚሊ ሊትሩ 28.5 ግራም መመዘኑን ሁልጊዜ ጠዋት ማረጋገጥ ግዴታ ሆነ።

የዚርኮኖቹን ዕድሜ በውስጣቸው ባለው ዩራኒየምና እርሳስ ለማስለካት ታስቦ የነበረው አልተሳካም፤ መሣሪያው በአቅራቢያችን አልነበረም። ቢሳካም ኖሮ ቅርብና ሩቅ የሚለውን ጥያቄ ብቻውን እንደማይዘጋው ለተማሪው ማስረዳት ነበረብኝ። ከ850 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ያለው ዕድሜ ከኛ አልፎ በሱዳን፣ በኤርትራና በዓረብ ምድር የመሠረት አለት ሁሉ የተለመደ ነው። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መከፈት ሳይጀምር የዛሬዋ የመን ከአፍሪካ ጋር አንድ ምድር ስለነበረች፣ «ሩቅ» የምንለው ተራራ ዛሬ ከባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል።

ለተመሳሳይ ሥራ የሚጠቅመው

ከሁሉ አስቀድሞ የምመክረው፣ ናሙናው ወደ አሲድ ከመግባቱ በፊት የሚታወቅ ነገር በአሠራሩ ውስጥ እንዲያልፍ ነው። ከወላጅ አለቱ ሥር የተወሰደ የዛሬ ወንዝ አሸዋ ከአንድ ቀን ጉዞና ከአንድ ከረጢት በላይ ወጪ የለውም፤ በሐረርጌ ደግሞ መሠረት አለቱ በብዙ ቦታ የተጋለጠ በመሆኑ ሰበብ የለንም። ወላጁ ውስጥ ያለው ማዕድን በሳሕናችን ላይ ካልታየ፣ ስለ ጥንቱ ድንጋይ ምንም ከመጻፋችን በፊት እጃችንን መመርመር አለብን።

የማዕድን መኖር እና አለመኖር እኩል ማስረጃ ተደርገው መወሰድ የለባቸውም። የተገኘ ማዕድን ከብክለት ነጻ መሆኑ ከተረጋገጠ ወላጁን ይመሰክራል። ያልተገኘው ግን በወላጁ ውስጥ አልነበረ ይሆናል፣ በአፈር ውስጥ በስብሶ ይሆናል፣ ከተቀበረ በኋላ ሟሙቶ ይሆናል፣ ወይም እኛ ራሳችን አጥፍተነው ይሆናል። አራቱ ተራ በተራ ካልተጣሩ በስተቀር «የለም» ከሚለው ቃል መደምደሚያ ማውጣት አይገባም። ከዝርዝር ይልቅ የአንድን ጽኑ ማዕድን ልዩ ልዩ መልክ ማወዳደር የተሻለ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ዚርኮንን ከዚርኮን፣ ቱርማሊንን ከቱርማሊን ስናወዳድር መሟሟትም ሆነ የውኃ ምርጫ ሁለቱን ወገኖች በተቀራራቢ መጠን ይነካቸዋል።

ከቅደም ተከተሉ ጋር የማይስማማ ቅንጣት ሲገኝ በአንድ ሐረግ መታለፍ የለበትም። እኛን ወደ እውነቱ የመራን ዋናው ውጤት ሳይሆን በሦስት ናሙና ውስጥ የተገኙት ጥቂት ኦጋይቶች ናቸው። የወንፊትና የሙቀጫ አጠቃቀም መዝገብም ከናሙና ማስታወሻው ጋር እኩል መያዝ አለበት፤ እኛ ጋር ያ መዝገብ የነበረው በአንዲት ባለሙያ ትውስታ ውስጥ ብቻ ነበር።

ተማሪው ለፈታኞች የቀረበው ከአንድ ሴሚስተር መዘግየት በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ አላስወገደውም፤ ከአዲሱ ጎን አስቀምጦ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ በአንድ ምዕራፍ አብራርቷል። ከእያንዳንዱ ናሙና ግማሹ አሲድ ሳይነካው፣ ሳይወቀጥ፣ የተወሰደበት ቦታና ቀን ተጽፎበት በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ይገኛል።